ሳላምን መጽሐፍ ቅዱስን ላነበው ብዬ ነው፤ ከየት ልጀምር?

መድኃኒት_ቤት_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳትስቁ አንብቡልኝ።

ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው፤ አዳማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ያደግኩት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ገብቼ ዘምሬያለሁ፣ ጾሜያለሁ፣ ሁሉን አድርጌያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን እምነቱ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ተጣልቼ አልወጣሁም፤ ማንም አልበደለኝም። አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት፣ በቃ። አሁንም የለም።

ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ ምን ይሠራልሻል ትሉኝ ይሆናል። ሰዉ የሚያወራው ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ሥራ ሲበዛብኝ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ይሉኛል፤ ኢዮብን አንብቤው አላውቅም። እኔው ራሴ «ሁሉም ከንቱ ነው» እላለሁ፤ ማን እንዳለው እንጂ ለምን እንዳለው አላውቅም። ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲያነበው የኖረ መጽሐፍ ለእኔ የሚሆን ምንም የለውም ብሎ መዝጋት ይከብደኛል።

ከመጀመሪያው ልበለው ብዬ ጀመርኩ። ዘፍጥረት ቆንጆ ነበር። ዘጸአት እስከ ግማሽ ድረስ ጥሩ ሄደ። ከዚያ የድንኳኑ መጋረጃ ስንት ክንድ፣ የምሰሶው እግር ከብር፣ ቀለበቱ ከወርቅ ማለት መጣ። ዘሌዋውያን ላይ የኩላሊት ስብ ጋ ስደርስ ዘጋሁት።

ሌላው ችግሬ ሰው ነው። እማዬ ሳነብ ካየችኝ «ልጄ ተመለሰች» ብላ ለንስሐ አባቷ ትደውላለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ምን ነካሽ?» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ በስልኬ ነው የማነበው።

ከየት ልጀምር? የትኛውን ትርጉም ልያዝ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሳላምንበት ጥበቡን ብቻ መርጬ ልውሰድ ማለት ይቻላል ወይስ ራሴን እየሸወድኩ ነው?

ጡረተኛው_ዳኛ

ልጄ፣ ይቻላል። እኔም አላምንም፤ ግን አነባለሁ።

የእኛ ትውልድ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የተጣላው በመፈክር ነው። በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ዳዊት ከተተችልኝ። አውጥቼ አልጋው ላይ ተውኩትና በቦታው ሽፋኗ ቀይ የሆነች መጽሐፍ ከተትኩ። ሁለቱንም በቅጡ አላነበብኳቸውም ነበር። ያም ሆኖ በአንዷ እምል፣ በሌላው እስቅ ነበር።

ወደ መጽሐፉ የመለሰኝ ችሎት ነው። አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ስሠራ አንድ አዛውንት ከሳሽ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ታናሽ ወንድማቸው ከአባታቸው ይዞታ እንዴት እንዳባረራቸው ተናገሩ። አነጋገራቸው አንጀት ይበላል። የችሎቱ ጸሐፊ እንኳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታዳምጣለች። እኔ በልቤ ፍርዱን ጨርሻለሁ። ከዚያ ወንድምየው ተነሣና አንድ ውል አወጣ። ከሳሹ ድርሻቸውን ሸጠው ብሩን በሽማግሌ ፊት ተቀብለዋል፤ አሻራቸው አለበት። ማታ ነገሩን ለአንድ ባልደረባዬ ስነግረው «ይኼማ ምሳሌ ላይ አለ» አለኝ። ምዕራፍ 18 ቁጥር 17ን ክፈቺው። መጀመሪያ የተናገረ ሰው ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ይህን የጻፈ ሰው ችሎት ተቀምጦ ያውቃል አልኩ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም።

አሁን ሙያዬ አድልቶብኝ ይሆናል፤ ግን ስለ ዋስ የተጻፈውን ተመልከቺ። በእኛ አገር ዋስትና ያላመሰው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ልጁ ካሸር ሆኖ ሊቀጠር ነው፤ ዋስ አምጣ ይባላል። አጎት ይፈርማል። ገንዘብ ይጎድላል፣ ልጁ ስልኩን ያጠፋል፣ አጎት ፍርድ ቤት ይቆማል። እንዲህ ያለውን ስንቱን አየሁ! ምሳሌ ምዕራፍ 6 እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው። ዋስ ከሆንክ ተያዝክ፤ ዛሬውኑ ሂድ፣ ለምን፣ ዓይንህ እንቅልፍ አይየው፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ አምልጥ ይላል። ባጭሩ አትፈርም ነው።

ሲራክን ደግሞ ክፈቺ፤ ምዕራፍ 29። እሱ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል። ዋስ የሆነህን ሰው ውለታ አትርሳ ይላል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዋስትና ስንት የተደላደለ ሰው እንዳጠፋ ይነግርሻል። በመጨረሻም እንደ አቅምህ እርዳ፣ ግን እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ ይላል። እዚህ ላይ ማመንና አለማመን ምን አገባው? ሁለት ሽማግሌዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ፈርሞ የተቃጠለ ነው። ሌላው በሰው ፊርማ ቀና ያለ ይመስለኛል።

እኔ የማነበው እንደ ወፍራም መዝገብ ነው። የከሳሽም የተከሳሽም ቃል አለበት። ምሳሌ ትጉህ ሰው ይበለጽጋል ይላል። መክብብ ይነሣና ሩጫው ለፈጣኖች አይደለም፣ ጊዜና ዕድል ሁሉን ያገኛቸዋል ይላል። ኢዮብ ደግሞ ምንም ሳያጠፋ አመድ ላይ ተቀምጦ «እስቲ እኔን እዩኝ» ይላቸዋል። ይህን ሁሉ ያሰባሰቡት ሰዎች አንዱን ቀደው አልጣሉም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ስለዚህ መርጬ ልውሰድ ወይ ላልሽው፣ መምረጡንማ መጽሐፉ ራሱ ግድ ይልሻል፤ አንድ ድምፅ የለውም።

ከየት? ከመክብብ። 12 ምዕራፍ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ምዕራፍ 7 ላይ እጅግ ጻድቅ አትሁን፣ እጅግ ጠቢብም አትሁን የሚለውን ስታገኚ እማማ ቤት ለምን እንደማይጠቀስ ይገባሻል። ከዚያ ኢዮብን። ምሳሌን ግን በተከታታይ አታንብቢው፤ ከምዕራፍ 10 ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው የቆመ ስለሆነ ያደክማል። ከምሳ በኋላ ሁለት ሦስት ቁጥር ይበቃል።

ሰማንያ አሐዱው ካለሽ ሶስናን እንዳታልፊያት። አጭር ናት። ሁለት ሽማግሌ ዳኞች ሴትዮዋን ይመኙና እንቢ ስትላቸው በዝሙት ይከሷታል። ሕዝቡ አምኗቸው ሊገድላት ሲል ወጣቱ ዳንኤል ይነሣል። የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለቱን ለያይቶ ይጠይቃቸዋል፦ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት? አንዱ አንድ ዛፍ ይጠራል፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። እኛም ምስክሮችን ከችሎት ውጭ አቆይተን አንድ በአንድ የምናስገባው ለዚሁ ነው። ታሪኩ ላይ አምላክ አለ፣ አዎ። ሴትዮዋን ያዳናት ጥያቄ ግን እኔም ብሆን የምጠይቀው ነው።

ትርጉም፦ የ1954ቱ ለጆሮ ያምራል፤ ሰው የሚጠቅሰውም እሱን ነው። ኢዮብ ግን ግጥሙ ከባድ ስለሆነ አዲሱን መደበኛ ትርጉም አጠገብሽ አድርጊ። ስድሳ ስድስቱን ብቻ ከያዝሽ ሲራክና ሶስና እንደሌሉ እወቂ።

ቀጥተኛው

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት። ጥሩ ጥሩውን መርጠው አቀረቡልን። ዘጸአት 21 ላይ ባሪያውን በበትር የመታ ሰው ባሪያው አንድ ሁለት ቀን ከቆየ አይቀጣም የሚለውስ? ምሳሌ 23 ላይ ልጅህን ከመቅጣት አትቆጠብ፣ በበትር ብትመታው አይሞትም የሚለውስ? በዚህ ጥቅስ ስንቱ ልጅ እንደተገረፈ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ምሳሌ 26 ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። ያረመው ሰው የለም እንዴ? ጥበብ ከፈለግን የአያቶቻችን ተረትና ምሳሌ አይበቃንም?

ጡረተኛው_ዳኛ

ልጄ ቀጥተኛው፣ ሁሉም የጠቀስከው ቦታ ላይ አለ። የዘጸአቱን አላስተባብልም፣ አላቃናውምም። እኔ አማኝ ስላልሆንኩ ለመጽሐፉ ጠበቃ የመቆም ግዴታ የለብኝም። ሲራክንም ቢሆን እወደዋለሁ እንጂ ምዕራፍ 42 ላይ ስለ ሴት ልጅ የጻፈውን ስታነብ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ መወርወር ያምርሃል። ያምርህ።

ግን ዘኍልቍ 27ን አንብብልኝ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተባቸው። በሙሴ፣ በካህኑ፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ወንድ ልጅ ስለሌለው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን አሉ። ተፈረደላቸው። የአምስቱም ስም ተጽፏል። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግሞ ተረት ይሆን ነበር። ምዕራፍ 36 ላይ የነገዱ ሽማግሌዎች መጡ። እነዚህ ልጆች ከሌላ ነገድ ካገቡ መሬታችን ይሄዳል ብለው ይግባኝ የመሰለ አቤቱታ አቀረቡ። ከዚያ ውሳኔው ጠበበ፤ ከአባታቸው ነገድ ብቻ ያግቡ ተባለ።

እኔ ገጠር ስሠራ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅን ከወንድ እኩል ወራሽ ካደረጋት ስንት ዘመኑ። ሆኖም ወንድሞች ችሎት ፊት ቆመው «እሷ አግብታለች፣ የባሏን ትብላ» ይሉ ነበር። ሕጉ ከሴቶቹ ጋር ነው፤ አጎቶቹ ደግሞ አሉ። መብት እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት በጓሮ በር እንደሚቆረስ እንደ እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ያሳየኝ የለም። እውነት ነው አልተባለም፣ ቅዱስ ነው አልተባለም፤ ያየሁትን ያየ ሰው ጽፎታል።

ተረትና ምሳሌውንም አንብብ፣ ማን ከለከለህ። እሱም «ዶሮን ሲያታልሏት» እያለ ያስቅሃል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሴትን ይሰድባል። ንጹሕ የሆነ የድሮ ጥበብ ካገኘህ ጥራኝ።

ምሳሌ 26ን በተመለከተ፣ ፌስቡክ የሚጠቀም ሰው ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ይገባዋል። እኔ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ እጠቀምበታለሁ።

የአብነት_ተማሪ_ነበር

እኅቴ፣ እኔ አማኝ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ማንበብሽ ደስ ይለኛል። «ተመለሰች» አልልሽም፣ አይዞሽ።

ጋሼ «አንድ ድምፅ የለውም» ሲሉ አዲስ ነገር ያገኙ ይመስላል። በጉባኤ ቤት አንድ ንባብ ላይ «አንድም» እየተባለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይወርዳል። የአንድምታ መምህር አንዱን ፍቺ ተናግሮ ሌላውን አይጥልም፤ ይደርበዋል። ስለዚህ ክርክሩን በመውደድሽ ከቤትሽ አልወጣሽም።

ግን ጋሼ አንድ ነገር ዘለዋል። ምሳሌ ሲጀምር ምን ይላል? የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው። ኢዮብ ምዕራፍ 28 መጨረሻው ይኸው ነው። መክብብም ሁሉን ከንቱ ብሎ ብሎ ሲዘጋ እግዚአብሔርን ፍራ፣ ትእዛዙንም ጠብቅ ነው የሚለው። ጸሐፊዎቹ በሁሉ ቢለያዩ በዚህ አይለያዩም። ላለማመን መብት አለሽ። ይህን መስመር ግን እንዳላየሽ አትለፊው፤ ለማን እንደተጻፈ እያወቅሽ አንብቢው።

ሁለት ምክር ልጨምር። ዮናስን አንብቢ፣ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። በጾመ ነነዌ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ መስማት ደግሞ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ዓሣውን ያስታውሳል፤ ዋናው ግን ምዕራፍ 4 ነው። ነቢዩ ስለ ደረቀችበት ቅል ተናዶ ሞትን ይለምናል። አምላክ ደግሞ ከመቶ ሃያ ሺህ ስለሚበልጥ ሰው፣ ስለ እንስሶችም ጭምር ይጠይቀዋል። መጽሐፉ በዚያ ጥያቄ ያልቃል፤ ዮናስ ምን እንደመለሰ አይነገረንም።

ሁለተኛው ለሙያሽ ነው። ሲራክ 38ን ክፈቺ። ባለ መድኃኒትን አክብር ብሎ ይጀምራል። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ስለሚቀምመው ሰው ሳይቀር አለበት። ይህ ማለት አንቺ ነሽ።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መክብብን በአንድ ምሽት፣ ኢዮብን ግን ቀስ ብዬ ጨረስኩት።

መጀመሪያ የገረመኝን ልንገራችሁ። «የኢዮብን ትዕግሥት» ያለው ሰው መጽሐፉን አላነበበውም! ሰውዬው ሁለት ምዕራፍ ታገሠ፤ ሦስተኛው ላይ የተወለደበትን ቀን መራገም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው፤ ከጓደኞቹም ጋር፣ ከፈጣሪውም ጋር። ይህንንማ እኔም እችላለሁ።

ጓደኞቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ምነው በዚያ በቃቸው! አፋቸውን ሲከፍቱ ነው ጉዱ። አባቴ ሲሞት ድንኳን ውስጥ የነበረው እንዲሁ ነው። የማስታውሳት ምንም ሳትናገር አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዬን ስታስተካክልልኝ የነበረችውን ጎረቤታችንን ነው። «እንዲህ የሆነው ለበጎ ነው» ያሉኝን ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ራሱ ለኤልፋዝ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ሲለው ብቻዬን «እሰይ!» ያልኩት። ሃይማኖቱን የተከላከሉት ተወቀሱ፣ የጮኸው ሰው ተመሰገነ። ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት አልነገሩኝም።

ግን መጨረሻው አናደደኝ። በጎቹ እጥፍ ሆኑ፣ ግመሎቹ እጥፍ ሆኑ፣ እሺ። ልጆቹስ? አሥር ልጆች ሞተው ሌላ አሥር ልጅ ተሰጠው። ልጅ ይተካል እንዴ? ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ይላሉ?

ሲራክ 38ን ደግሞ ሥራ ላይ አዋልኩት። ጸበል ስጀምር የደም ግፊቱን መድኃኒት ትቼዋለሁ የሚሉ እናት አሉ። እስከ ዛሬ ስለ ስትሮክ ስነግራቸው «እሱ ያውቃል» ብለው ነበር የሚመልሱልኝ። አሁን ስልኬን አውጥቼ ሲራክን አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደግመው አነበቡት። «ይኼ መጽሐፍ ላይ አለ?» አሉኝ። ከዚያ «እስቲ ለግማሽ ወር የሚሆን ስጪኝ» አሉ። ግማሽ ወርም ወር ነው ብዬ ሰጠኋቸው።

ጡረተኛው_ዳኛ

አይተካም። ቁጥሩን ልብ ብለሽ እይው። በጎቹ ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሎቹ ከ3,000 ወደ 6,000 ሄዱ። ልጆቹ ግን ያው ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ናቸው፤ እጥፍ አልሆኑም። የድሮ ሊቃውንት የሞቱት በሰማይ ስላሉ ጠፍተው አልጠፉም እያሉ ያብራሩታል። እኔ ያን ማለት አልችልም። እኔ የማየው ጸሐፊው ራሱ ልጅን እንደ ግመል ለመቁጠር እጁ እምቢ እንዳለው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የውርስ ጉዳይ ነውና ሳላነሣው አላልፍም። የወንዶቹ ልጆች ስም አልተጻፈም። የሦስቱ ሴቶች ግን ተጽፏል። አባታቸውም ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጣቸው ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው። ከመከራው በፊት ስለ ሴቶቹ ድርሻ አንድም ቃል የለም። ያ ሁሉ የደረሰበት ሰው ቤቱን ሲያስተዳድር ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው ብዬ አነበዋለሁ። መናደድሽን ግን አትተዪው፤ ትክክል ነሽ።

የአብነት_ተማሪ_ነበር

የሲራኩ ነገር ደስ አለኝ፤ እኛም ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ ነው የምንለው። ግን እኅቴ፣ ሳትቆጪ አንድ ልጠይቅሽ። ለእኚያ እናት ጥቅሱን ስታነቢላቸው አንቺ እንደማታምኚበት ነግረሻቸዋል? እሳቸው ቃሉን የሰሙት ከአማኝ አፍ መስሏቸው ነው።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ

ጥያቄህ ልክ ነው፤ እኔንም ከነከነኝ። አልነገርኳቸውም። ዋሽቼ «እኔም አምናለሁ» አላልኩም፣ ካልጠየቁኝ ደግሞ አላወራም። ከጠየቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እስካሁን ግን ከዚያ መስኮት ፊት ቆሞ ትጸልያለሽ ወይ ያለኝ የለም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስንት ነው ብሎ ነው፣ ስነግረው ደግሞ ቀንሺልኝ።